የወታደር አሻራ መለዮ ሲወልቅ አብሮ አይወልቅም

ሰሞኑን አዳማ ላይ ባንክ ግቡ፣ ቴሌ ግቡ፣ ባጃጅ ላይ ተሳፈሩ፣ ወሬው ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ ነው። አስር ጣት ትሰጣላችሁ፣ ሁለት አይናችሁን ታሳያላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ከዛ ቁጥራችሁ በስልክ ይመጣል፣ አለቀ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመ ስራ ነው፣ እኔም ብዙ ጥቅም እንዳለው አምናለሁ። ግን ከዚ ወሬ ጎን ለጎን ብዙ ሰው የማያነሳው ጉዳይ አለ። ይሄው ቴክኖሎጂ ወደ ጦር ሰራዊትና ወደ አገር ደህንነት ስራ ሲገባ ነገሩ መልኩን ይቀይራል፣ ባንክ ቤት ማሽኑ ሲሳሳት ነገ ተመልሰህ ትመጣለህ፣ ኬላ ላይ ሲሳሳት ግን ሰው ይታሰራል፣ ከዛም የባሰ ሊመጣ ይችላል። ስለዚ ነገሩን ከስሩ እየፈታን እንየው። የውጭ አገር ታሪክ ላይ የምጠቅሳቸው አመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደሆኑ ያዙልኝ።

መጀመሪያ ጥቅሙን በደንብ ልናገር፣ ምክንያቱም ጥቅሙ የውሸት አይደለም። ጦርነት ያደከማቸው ብዙ አገሮች ውስጥ የሰራዊቱ ትልቁ በሽታ የሌለ ወታደር ነው። ሊስቱ ላይ ስሙ አለ፣ ደመወዙ በየወሩ ይወጣል፣ ቀለቡ ይቆረጣል፣ ሰውየው ግን ወይ ሞቷል፣ ወይ ከድቶ ሄዷል፣ ወይ ድሮም ያልነበረ ሰው ነው። ገንዘቡን የሚበላው በመሃል ያለ አለቃ ነው። ኢራቅ ውስጥ በ2014 ሞሱል በአይሲስ እጅ ከገባች ከጥቂት ወራት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃይደር አል አባዲ ፓርላማ ቀርበው 50,000 የሌሉ ወታደሮች ደመወዝ ሲከፈላቸው እንደነበር ተናገሩ። 50,000! አስቡት፣ ወረቀት ላይ አገር የሚጠብቅ ጦር አለ፣ መሬት ላይ የለም፣ ይሄ የሚታወቀው ደግሞ ጠላት ሲመጣ ነው።

አሻራ እዚ ጋ የሚሰራው ስራ ቀላል ግን ትልቅ ነው። አንድ ሰው በሁለት ስም ሁለት መታወቂያ ሊያወጣ ይችላል፣ አስሩን ጣቱን ለሁለተኛ ጊዜ ማሽኑ ላይ ሲያስቀምጥ ግን ሲስተሙ ይሄ ሰው ተመዝግቧል ይላል። ጎረቤታችን ሶማሊያ ወታደሮቿን በባዮሜትሪክ፣ ማለትም እንደ አሻራ፣ አይንና ፊት ባሉ የሰውነት መለያዎች መዝግባ፣ ደመወዝ በአዛዥ እጅ መስጠቱን ትታ በቀጥታ ወደ ባንክ አካውንት መክፈል የጀመረችው በዚሁ ምክንያት ነው። የኛም ጉዳይ ሩቅ አይደለም። ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ370,000 በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዶ ህዳር 2017 ላይ ትግራይ ውስጥ ስራውን ጀምሯል። ይሄን ያክል ሰው ስትመዘግብና መቋቋሚያ ገንዘብ ስትሰጥ አንዱ ሁለት ቦታ እንዳይመዘገብ፣ የአንዱን ድርሻ ሌላ እንዳይወስድ የሚያደርግ ጥሩ ዘዴ አሻራ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም በር ላይ ነው። በ2004 ዲሴምበር ሞሱል የነበረ የአሜሪካ ካምፕ ውስጥ፣ ወታደሩ ምሳ እየበላ ባለበት አዳራሽ፣ የኢራቅ ጸጥታ ሃይል ዩኒፎርም የለበሰ አጥፍቶ ጠፊ ገብቶ ራሱን አፈነዳና 22 ሰው ሞተ። አሜሪካኖቹ ካምፕ እየገባ የሚሰራውን የአካባቢ ሰው ሁሉ በአሻራና በአይን መዝግበው በባዮሜትሪክ ካርድ ብቻ ማስገባት ላይ የበረቱት ከዛ በኋላ ነው። ዩኒፎርም ይሰፋል፣ ወረቀት መታወቂያ ይመሳሰላል፣ ጣት ግን ከባለቤቱ ጋር ነው የሚመጣው። የመሳሪያ ግምጃ ቤት፣ የጥይት መጋዘን፣ የአየር ሃይል ግቢ በር ላይ ይሄ ነገር ቢኖር እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል፣ ቢሾፍቱ ከአዳማ የአንድ ሰአት መንገድ እንኳን አይሞላም፣ እንደዛ ያለ ግቢ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ በትክክል መታወቁ ለሁላችንም ነው የሚጠቅመው።

እስከዚ ድረስ ክርክር የለኝም። ክርክሩ የሚጀምረው ማሽኑ የሚጠየቀው ጥያቄ ሲቀየር ነው። ሰው ሁሉንም አንድ አድርጎ ያየዋል እንጂ ማሽኑ ሁለት በጣም የተለያየ ስራ ነው የሚሰራው። አንዱ፣ ሰውየው እኔ እገሌ ነኝ ይላል፣ ካርዱን ያስቀምጣል፣ ማሽኑ የዛን የእገሌን አሻራ ብቻ አውጥቶ ከጣቱ ጋር ያስተያያል፣ ነው ወይም አይደለም ይላል። ሌላው፣ ሰውየው ምንም አላለም፣ መንገድ ላይ ተይዞ ወይ በካሜራ ታይቶ ማነው ይሄ ተብሎ ዳታቤዙ በሙሉ ይፈተሻል። የመጀመሪያው የበርና የደመወዝ ስራ ነው። ሁለተኛው የፍለጋ ስራ ነው፣ የአገር ደህንነት ሰዎች በጣም የሚፈልጉትም እሱን ነው፣ አደጋውም ያለው እሱ ጋ ነው።

ለምን ቢባል ሂሳቡን እዩት። ቁጥሩን ለምሳሌ ነው የማነሳው። አንድ የፊት መለያ ካሜራ ከአንድ ሺ ንጹህ ሰው አንዱን ብቻ በስህተት ይሄ ተፈላጊ ነው ይላል እንበል፣ ሲሰሙት ጎበዝ ማሽን ነው፣ 99.9 በመቶ ትክክል ነው ብለህ ለአለቃህ ሪፖርት ታደርጋለህ። አሁን ያንን ካሜራ አዳማ መናኸሪያ በር ላይ ስቀሉትና በቀን 50,000 ሰው በፊቱ ይለፍ። በቀን 50 ንጹህ ሰው ተፈላጊ ነው ይላል ማለት ነው። በሳምንት 350። እውነተኛው ተፈላጊ በዛ ሳምንት ጭራሽ አዳማ ላይመጣ ይችላል። እና ፖሊሱ በቀን 50 ሰው ከመኪና ያወርዳል፣ ከአሰላ የመጣች እናት፣ ከመተሃራ የመጣ ተማሪ፣ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ነጋዴ፣ ሁሉም ማሽኑ አንተ ነህ ብሏል ይባላሉ። ማሽኑ ብሏል ከተባለ በኋላ ደግሞ አይደለሁም ብሎ ማስረዳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ኬላ ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።

ስህተቱ ደግሞ ለሁሉም ሰው እኩል አይደለም፣ ይሄ እኛን በቀጥታ ይነካናል። የአሜሪካ መንግስት የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2019 ባወጣው ጥናት ወደ 190 የሚጠጉ የፊት መለያ ሶፍትዌሮችን ፈትሾ፣ ሁለት የተለያዩ ሰዎችን አንድ ሰው ናቸው የማለት ስህተት ከፍተኛ ሆኖ ያገኘው በምዕራብ አፍሪካ፣ በምስራቅ አፍሪካና በምስራቅ እስያ ሰዎች ፊት ላይ ነው፣ ዝቅተኛው ደግሞ በምስራቅ አውሮፓ ሰዎች ላይ ነበር። ምስራቅ አፍሪካ ማለት እኛ ነን። ከዛ አንድ አመት ቀደም ብሎ ጆይ ቡኦላምዊኒ እና የአዲስ አበባ ተወላጇ ትምኒት ገብሩ በሰሩት ጥናት፣ ከፊት ላይ ጾታ የሚለዩ የትልልቅ ካምፓኒ ሲስተሞች ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ትልቁ ስህተት 0.8 በመቶ ነበር። ከዛ ወዲህ ሶፍትዌሮቹ ተሻሽለዋል፣ እውነት ነው፣ ግን አንድ ካምፓኒ ሶፍትዌር ሊሸጥልን ሲመጣ በማን ፊት ተፈተነ ብሎ መጠየቅ የሚገባው ገዢው ነው፣ ሻጩ ራሱ አይነግርህም።

አሻራስ? አሻራ ከፊት በጣም ይሻላል፣ ግን አሻራም ሰው አሳስሮ ያውቃል። በ2004 ማርች ማድሪድ ባቡሮች ላይ ቦምብ ፈንድቶ ወደ 190 ሰው ሲሞት፣ የስፔን ፖሊስ የፈንጂ ማቀጣጠያ የያዘ የላስቲክ ከረጢት ላይ አንድ አሻራ አገኘ። ኤፍቢአይ በራሱ ዳታቤዝ ሲፈልግ ኮምፒውተሩ 20 የሚመስሉ ሰዎችን አወጣ፣ ከነሱ ውስጥ ብራንደን ሜይፊልድ የሚባል ኦሪገን የሚኖር ጠበቃ ነበር። አሻራው እዛ ሊገኝ ከቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ ምን መሰላችሁ፣ ድሮ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ወታደር ሆኖ አገልግሏል። አገሩን ሲያገለግል የሰጠው አሻራ ነው ማለት ነው። የኤፍቢአይ ባለሙያዎች ኮምፒውተሩ ያወጣውን መመሳሰል አይተው እርግጠኛ ነን አሉ፣ ሰውየው እስልምናን የተቀበለ፣ ሚስቱም ግብጻዊት መሆኗ ሲታወቅ ደግሞ ጥርጣሬው ባሰ። የስፔን ፖሊስ አይመስለንም ቢላቸውም አልሰሙም። ሁለት ሳምንት ታሰረ፣ ከዛ ስፔኖች የአሻራውን ትክክለኛ ባለቤት አንድ አልጄሪያዊ አገኙ። ኤፍቢአይ ይቅርታ ጠየቀ፣ መንግስት 2 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ከፈለ። ያ ሰው ጠበቃ ነው፣ እንግሊዝኛው ቋንቋው ነው፣ ፍርድ ቤቱ አገሩ ነው፣ እንደዛም ሆኖ ሁለት ሳምንት። ዳታቤዙ በሰፋ ቁጥር የሚመሳሰል ሰው የመገኘቱ እድል ይጨምራል፣ ይሄ የፖለቲካ አስተያየት ሳይሆን ሂሳብ ነው።

የማይነበብ ጣትም አለ። ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጥ የኖረ ሰው፣ አዳማ ግንባታ ላይ ሲሚንቶ ሲያቦካ የዋለ ልጅ፣ እድሜያቸው የገፋ እናቶች፣ የጣታቸው መስመር ተፍቆ ማሽኑ እምቢ ይላቸዋል። ምሽግ ሲቆፍር የኖረ ወታደርም እንደዛው። ለዚ ነው አይንም አብሮ የሚመዘገበው፣ ጥሩ ነው፣ ግን ማሽኑ አላነበበውም ማለት ሰውየው አጭበርባሪ ነው ማለት እንዳልሆነ በር ላይ ለሚቆመው ዘብ በመመሪያ ተጽፎ ሊነገረው ይገባል።

መሰረቅ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በ2015 የአሜሪካ መንግስት የሰራተኞች አስተዳደር መስሪያ ቤት በሃከሮች ተሰብሮ የ21.5 ሚሊዮን ሰው መረጃ ሲወሰድ ከዛ ውስጥ 5.6 ሚሊዮኑ አሻራቸውም ሄዷል፣ ብዙዎቹ ደግሞ ሚስጥራዊ ስራ ለመስራት ታማኝነታቸው የተጣራ ሰዎች ናቸው። ፓስዎርድ ቢሰረቅ ይቀየራል፣ ጣት ምን ይደረጋል? ጭራሽ ሰርቨር መስበርም ላያስፈልግ ይችላል፣ በ2014 ጀርመን ውስጥ ያን ክሪስለር የሚባል ሃከር የመከላከያ ሚኒስትሯን የኡርሱላ ፎን ደር ላየንን የአውራ ጣት አሻራ በካሜራ ከተነሱ ፎቶዎች ላይ አውጥቼ ሰርቻለሁ ብሎ ለህዝብ አሳይቷል። የመከላከያ ሚኒስትር! ስለዚ የመሳሪያ ግምጃ ቤት በር ላይ አሻራ ብቻውን አይበቃም፣ ካርድም ኮድም ዘብም አብሮ መኖር አለበት።

አሁን እኔን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፣ አፍጋኒስታን። አሜሪካኖች እዛ በቆዩበት 20 አመት በእጅ የሚያዝ መሳሪያ ይዘው ገበሬውንም ነጋዴውንም ወታደሩንም አሻራ፣ አይንና ፊት ሲመዘግቡ ኖሩ። ከዛ ለብቻው የአፍጋን ወታደርና ፖሊስ ደመወዝ የሚከፈልበት ሲስተም ተሰራ፣ አላማው ከላይ ያልኩት የሌለ ወታደርን ማጥፋት ነው፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ስም ከሊስት አስወጥቷል። ግን ምን ምን እንደመዘገበ ስሙ። ኤምአይቲ ቴክኖሎጂ ሪቪው የሚባለው መጽሔት በ2021 እንደዘገበው ለአንድ ሰው ቢያንስ 40 አይነት መረጃ፣ በጠቅላላው የግማሽ ሚሊዮን ሰው ያህል መዝገብ። የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የአጎት ስም፣ ሲቀጠር ዋስ የሆኑለት የሁለት የአገር ሽማግሌዎች ስም፣ የሚወደው ፍራፍሬና አትክልት ሳይቀር። ደመወዝ ለመክፈል የአጎት ስም ለምን ያስፈልጋል? እኛም አገር ስራ ስትቀጠር ዋስ አምጣ ትባላለህ፣ ስለዚ ይሄ ለኛ በደንብ ይገባናል፣ ዋስ የሆነልህ ሰው ውለታ ብቻ ነው የዋለልህ፣ ስሙ ግን ካንተ አሻራ ጋር ታስሮ ይቀመጣል።

ከዛ በ2021 ኦገስት ካቡል ወደቀች። በእጅ የሚያዙት መመዝገቢያ መሳሪያዎች አንዳንዶቹ ታሊባን እጅ ገቡ፣ የደመወዝ ሲስተሙም እዛው ቀረ። ትናንት ወታደሩን ከሌባ አለቃ ሲጠብቅ የነበረው ሊስት በአንድ ሳምንት ውስጥ ወታደሩ የሚታደንበት ሊስት ሊሆን የሚችል ነገር ሆነ። ይሄ ባዶ ፍርሃት አይደለም፣ ከዛ በፊት በ2016 እና በ2017 ታሊባኖች መንገድ ላይ አውቶብስ አስቁመው በአሻራ መሳሪያ ተሳፋሪ ሲፈትሹና የጸጥታ አባል ሆኖ ያገኙትን ሲገድሉ እንደነበር ጋዜጠኞች ዘግበዋል። በ2022 ደግሞ የጀርመን የካኦስ ኮምፒውተር ክለብ ተመራማሪዎች ኢቤይ ከሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ በ68 ዶላር የአሜሪካ ጦር የተጠቀመበት አንድ አሮጌ የአሻራና የአይን መመዝገቢያ መሳሪያ ገዙ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በ2012 ካንዳሃር አካባቢ የሰራ ነው፣ ሲከፍቱት የ2,632 ሰዎች ስም፣ ፎቶ፣ አሻራና አይን ሜሞሪ ካርዱ ላይ ቁጭ ብሏል። ያልተቆለፈ። 10 አመት ሙሉ ማንም ያላጠፋው።

ይሄን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣው ግንቦት 1983 ነው። ያኔ ከአፍሪካ ትልልቅ ሰራዊቶች አንዱ የነበረው የደርግ ጦር ተበተነ፣ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነበር። ብዙው ካምፕ ገብቶ ተሃድሶ ወስዶ ተሰናብቷል። ብዙው ደግሞ ዩኒፎርሙን አውልቆ፣ ያገኘውን ልብስ ለብሶ፣ በእግሩም በጭነት መኪናም ወደ አገሩ ገባ፣ ገበሬ ሆነ፣ ሹፌር ሆነ፣ ዘበኛ ሆነ፣ ቤተሰብ አፈራ። አዳማ ውስጥ እንደዚ ያሉ አባቶች የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። መንግስት ሲቀየር እነዛን ሰዎች ወደ ተራ ኑሮ ያስገባቸው ልብስ መቀየር መቻላቸው ነው። ያኔ የእያንዳንዳቸው አስር ጣት፣ አይን፣ የአያት ስምና የዋስ ስም አንድ ሰርቨር ላይ ኖሮ ቢሆን ሰርቨሩን የያዘው ሰው በሚቀጥለው ቀን ምን ያደርግበት ነበር? መልካም ሰው ቢሆን ጡረታ ይከፍልበታል። ክፉ ሰው ቢሆንስ? የኛ አገር ታሪክ ደግሞ ስልጣን ሁልጊዜ በሰላም ከእጅ ወደ እጅ ያለፈበት አይደለም፣ በ60 አመት ውስጥ ስንት ጊዜ ሰራዊት እንደተበተነና እንደተሰራ እናውቃለን። ስለዚ ዛሬ ያለው መንግስት ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውን ክርክር ለጊዜው እንተወው፣ መረጃው ከሰብሳቢው እድሜ በላይ ይቆያል፣ ስትሰበስብ ለማታውቀው ሰው ጭምር ነው የምትሰበስበው።

ህጉ ምን ይላል ከተባለ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፣ ባዮሜትሪክ ዳታን ጥብቅ ጥበቃ ከሚገባቸው መረጃዎች ጋር ነው የመደበው፣ ትልቅ እርምጃ ነው። ግን የአገር ደህንነት የሚባል ነገር ሲመጣ በየትኛውም አለም ህጉ በሩን ከፈት ያደርጋል። አውሮፓ ውስጥ እንኳን ያ ሁሉ ጠንካራ ነው የሚባለው ከ2018 ጀምሮ የሚሰራው የዳታ ህጋቸው የብሔራዊ ደህንነትን ስራ አይመለከትም። ሚስጥር መኖር እንዳለበት ይገባኛል፣ ጦር ያለ ሚስጥር አይሰራም። ግን ካሜራው የት ተሰቅሏል የሚለው ሚስጥር ሊሆን ይችላል፣ ምን አይነት መረጃ ነው የሚሰበሰበው፣ ስንት አመት ይቀመጣል፣ ማን ነው የሚያየው፣ ተሳስታችኋል ለማለት የት ነው የሚኬደው የሚለው ሚስጥር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

እኔ ቢጠይቁኝ ከሁሉ በፊት የምለው የሰራዊቱና የሲቪሉ መዝገብ አይቀላቀል ነው። ፋይዳ ላይ ለባንክ ብዬ የሰጠሁት አይን ኬላ ላይ ሰው መፈለጊያ የሚሆን ከሆነ ሰው መመዝገብ ይፈራል፣ ከፈራ ደግሞ ፋይዳም ይጎዳል ደህንነቱም አይገኝም። ወታደሩም በተራው ለደመወዝ የሰጠው አሻራ ለደመወዝ ብቻ ይሁን፣ የአጎት ስም፣ ብሔር፣ ሃይማኖት ከአሻራ ጋር በአንድ ፋይል አይቀመጥ፣ እንደኛ ባለ አገር እነዚህ ሶስት ነገሮች ከፊትና ከጣት ጋር አንድ ላይ ሲታሰሩ ምን ሊመጣ እንደሚችል ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ሜዳ ላይ የሚወጣ መመዝገቢያ መሳሪያ ውስጥ ዳታ አይቆይ፣ ካሜራ ወይ ኮምፒውተር አንተ ነህ ያለውን ሰው የሰለጠነ ባለሙያ ሳያረጋግጥ አይታሰር፣ የሚያረጋግጠውም ሰው ማሽኑ ምን እንዳለ ሳይነገረው ለብቻው ይየው፣ ሜይፊልድን ካሳሰሩት ነገሮች አንዱ እኮ ሁለተኛውና ሶስተኛው ባለሙያ የመጀመሪያው ምን እንዳለ እያወቁ መፈተሻቸው ነው።

ስለ ማጥፋት ግን ማንም አያወራም። ስንመዘግብ ሪባን ይቆረጣል፣ ዜና ይሰራል፣ ስንት ሚሊዮን ደረስን ይባላል፣ የማጥፊያው ቀን ግን የትም አይጻፍም። ወታደር አገልግሎቱን ጨርሶ ሲሰናበት ክላሹን ያስረክባል፣ ዩኒፎርሙን ያስረክባል፣ መሸኛውን ይቀበላል። ስሙና የአገልግሎት ዘመኑ ለጡረታው ሲባል ይቀመጥ፣ አሻራውና አይኑ ግን ከሰራዊቱ ዳታቤዝም ከኮፒዎቹም መቼ እንደሚጠፋ፣ ማን እንዳጠፋው፣ በፊርማና በማህተም ከመሸኛው ወረቀት ጋር አንድ ላይ ሊሰጠው ይገባል።